የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሲልቪያ ፓንክረስት ለማን ነበር የምትጮኸው?

ባለፈው እትማችን ስለ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መቃብሮች ስንጽፍ የሲልቪያ ፓንክረስትን ስም በአንድ መስመር ጠርተን አልፈን ነበር። እናንተ ግን አላለፋችሁትም። ጥያቄው ጎረፈ። አንዳንዱ ቅሬታ ነው፤ አንዳንዱ ክርክር። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሷ ብቻ ሰጥተነዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እንናገራለን።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ አስተማሪያችን «የጃንሆይ ወዳጅ የነበረች እንግሊዛዊት» ብሎ በዚያው አለፋት። እኔ ግን ኢትዮጵያን ከማወቋ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። ዝም ብላ የሀብታም ልጅ ነበረች?

መልስ፦ እህቴ፣ ሀብታም እንኳ አልነበሩም። በ1882 ማንቸስተር ተወለደች። አባቷ ሪቻርድ ፓንክረስት ጠበቃ ነበር፤ ግን ገንዘብ ከሚያመጣ ጉዳይ ይልቅ የሚያከራክር ጉዳይ የሚወድ ዓይነት ጠበቃ። የሴቶችን መብት፣ የሠራተኛውን መብት፣ የሪፐብሊክ መንግሥትን በአደባባይ ይደግፍ ነበር። በ1898 ድንገት ሲሞት ቤተሰቡ ላይ ዕዳ ትቶ ነው የሄደው። እናቷ ኤሜሊን ሥራ ገባች፤ ልጆቹም እንደየአቅማቸው።

የሲልቪያ ምኞት ሰዓሊ መሆን ነበር። ጎበዝም ነበረች። በስኮላርሺፕ ቬኒስ ሄዳ ተማረች፤ ከዚያ ለንደን የሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገባች። በ1903 እናቷ ማንቸስተር በሚገኘው ቤታቸው ውስጥ የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የሚባለውን፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ድርጅት ስትመሠርት፣ የድርጅቱ ባነርና ዓርማ ሥራ በሲልቪያ ትከሻ ላይ ወደቀ። በዚህ ትግል ታስረው ለሚፈቱት ሴቶች በሽልማት የሚሰጠውን የእስር ቤት በር ቅርጽ ያለው ጌጥ የነደፈችውም እሷ ናት።

እኔ ግን ስለ እሷ መጀመሪያ ለማንም የምነግረው የ1907ቱን ጉዞ ነው። ቀለሟንና ወረቀቷን ይዛ ሰሜን እንግሊዝንና ስኮትላንድን ዞረች፤ ሠራተኛ ሴቶችን ለመሳል። ክራድሊ ሂዝ ላይ ሰንሰለት የሚቀጠቅጡ ሴቶችን፣ ዊጋን ላይ ከማዕድን ጉድጓዱ አፍ ከሰል የሚለዩትን፣ ሌስተር የጫማ ፋብሪካ፣ ስታፎርድሻየር የሸክላ ፋብሪካ፣ ግላስጎው የጥጥ ፋብሪካ። ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ወንዱ ስንት እንደሚያገኝ፣ አየሩ ምን እንደሚመስል ትጽፍ ነበር። በውሃ ቀለም ከሠራቻቸው አራቱን ቴት የተባለው የለንደን ሙዚየም በ2018 ገዝቷቸዋል። ከእነዚህ ሴቶች በኋላ ነው የሲልቪያ መንገድ ከእናቷ መንገድ መለየት የጀመረው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ቦው በሚባለው ሰፈር አዛውንቶችን በመንከባከብ ነው የምሠራው። ኦልድ ፎርድ ሮድ ላይ ባለ አንድ መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕሏ አለ። እዚህ ሰፈር ምን አድርጋ ነው እንዲህ የሚያከብሯት? እኛ የኢትዮጵያ ብቻ መስላን ነበር እኮ!

መልስ፦ ደህና ሰፈር ነው የሚሠሩት! ከዚያ ሥዕል አጠገብ፣ 400 ኦልድ ፎርድ ሮድ፣ የእሷ ዋና ጣቢያ ነበር። በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ለንደን የወደብ ሠራተኛ፣ የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ በቁራጭ ሒሳብ ሸሚዝ የምትሰፋ እናት ሰፈር ነው። ሲልቪያ በ1912 እዚያ ገባች፤ ሰብካ ለመመለስ ሳይሆን ለመኖር። ያረፈችውም ጫማ ሠሪ ባልና ሚስት ቤት ነበር።

ለመታሰርም ጊዜ አልፈጀባትም። በ1913 መጀመሪያ ሆሎዌይ እስር ቤት ገብታ የረሃብ አድማ መታች። ያኔ የሚደረገውን ልንገርዎ፦ ጠባቂዎች እጅና እግር ይይዛሉ፣ ሐኪሙ አፏን በብረት ፈልቅቆ ቱቦ በጉሮሮዋ ይሰዳል፣ ምግብ ይፈስበታል። ይህ ከአንድ ወር በላይ ቀጠለባት። ሕዝቡ ሲቆጣ መንግሥት በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ አወጣ፦ በረሃብ የደከመችውን ሴት ይፈታል፣ ትንሽ ስታገግም መልሶ ያስራል። ሰው ሁሉ «የድመትና የአይጥ ሕግ» አለው። ሲልቪያ በዚህ ሕግ ስንቴ ገብታ ስንቴ ወጣች! ምግብ ብቻ ሳይሆን ውሃም እንቅልፍም እምቢ ትል ነበር። ስትፈታ የቦው ሰዎች ይደብቋታል፤ ስብሰባ ላይ ብቅ ብላ ትናገራለች፤ ፖሊስ ሊይዛት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ይጋፈጣል።

ግን ሰፈሩ ዛሬም የሚያስታውሳት፣ እንደኔ እንደኔ፣ በጦርነቱ ጊዜ ላደረገችው ነው። ነሐሴ 1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የምግብ ዋጋ ሰማይ ነካ። ፋብሪካዎች ተዘጉ። ባሎች ዘመቱ፤ ለሚስቶቻቸው የተባለው ድጎማ ደግሞ ቶሎ አልደርስ አለ። ሲልቪያና ጓደኞቿ በዋናው ዋጋ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ለአዋቂ ሁለት ፔኒ፣ ለልጅ አንድ ፔኒ። ምንም የሌለው ሰው በነፃ ትኬት ይሰጠዋል፤ ትኬቱ ከከፈለው ሰው ትኬት አይለይም። ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ አይታወቅም። ምጽዋት የሚመስል ነገር አትወድም ነበር፣ አጥብቃ።

ሌላ ደግሞ፦ እንግሊዝ ሕፃናት የሚጫወቱበት አሻንጉሊት በብዛት ከጀርመን ነበር የሚመጣው። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ። ሲልቪያ ይህን አይታ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፈተች፤ ሥራ ላጡ ሴቶች። ደመወዙ በሳምንት አንድ ፓውንድ። ለንጽጽር፦ በንግሥት ሜሪ ስም የተከፈቱት የእርዳታ መስፊያ ቤቶች ለሴቶች ይከፍሉ የነበረው ቢበዛ የዚህን ግማሽ ነበር፤ እሷም ራሷ በምታወጣው ጋዜጣ ላይ ንግሥት ናት ብላ አላለፈቻቸውም። ከዚያ «የጠመንጃ ሠሪዎች» የሚል ስም የነበረው አንድ ባዶ መጠጥ ቤት ተከራይተው «የእናቶች» አሉትና የሕፃናት ማቆያና የእናቶች ክሊኒክ አደረጉት። ወተት፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ ልጆች በራሳቸው እየሞከሩ የሚማሩበት የሞንቴሶሪ ትምህርት ሳይቀር። ይህ ሁሉ መንግሥት ሊያደርገው የሚገባውን በትንሹ ሠርቶ ማሳያ ነው፤ በጎን ደግሞ ሚኒስትሮች ቢሮ እየሄዱ እኩል ሥራ ለሠራ እኩል ክፍያ እያሉ ይጨቀጭቁ ነበር።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አልደብቅህም፣ የሴቶች የመምረጥ መብት ነገር የሀብታም ሴቶች ጨዋታ ይመስለኛል። ዳቦ የሌላት ሴት ድምፅ መስጠት ምን ይሠራላታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ የራሷ የሲልቪያ ጥያቄ ነው። በከፊል ልክ ነህም።

የእናቷ ድርጅት የሚጠይቀው «ለወንዶች በተሰጠበት መስፈርት ለሴቶችም ይሰጥ» የሚል ነበር። መልካም ይመስላል። ችግሩ ያን ጊዜ ለወንዱም ቢሆን መስፈርቱ ንብረትና የቤት ኪራይ መጠን መሆኑ ነው። ከአሥር ወንዶች አራቱ ያህል ራሳቸው አይመርጡም። ስለዚህ መስፈርቱ እንዳለ ለሴት ቢሰጥ የሚጠቀሙት ባለ ንብረቶቹ ናቸው፤ የቦው ልብስ ሰፊ አታገኝም። ሲልቪያ «ለሁሉም አዋቂ፣ ወንድ ሴት፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል» አለች። ክርክሩ ይኸው ነው።

ዳቦውስ? ሰኔ 1914 የሆነውን ስማ። ሲልቪያ ከእስር ቤት እንደወጣች፣ በረሃብና በጥም ገርጥታ፣ በሰው ተደግፋ ፓርላማው ደጃፍ መጣችና ተኛች። ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ ከምሥራቅ ለንደን የመጡ ሠራተኛ ሴቶችን ካላነጋገረ እስክሞት አልበላም አለች። ቀልድ አልነበረም፤ አስኲዝም ገባው። ተቀበላቸው። የሄዱት ስድስት ሴቶች ናቸው፣ ሲልቪያ የለችበትም፤ ሆን ብላ ነው የቀረችው፤ ራሳቸው እንዲናገሩ። ከመካከላቸው ብሩሽ ሠርታ የምታድር ሴት ነበረች። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ቤት ኪራይ ተናገሩ። እነዚህን ነገሮች የሚወስን ሕግ ይወጣል፤ ሕጉን የሚያወጣውን ሰው ግን እነሱ አይመርጡትም። የድምፅና የዳቦ ግንኙነት ይኸው ነው፣ ከዚያ በላይ ፍልስፍና የለውም። አስኲዝ ቃል ባይገባም፣ ለውጡ የግድ ከመጣ በዴሞክራሲያዊ መሠረት ለሁሉም መሆን አለበት የሚል መልስ ሰጣቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ አያውቅም።

በ1918 ሕጉ ወጣ። ወንድ ሁሉ ከ21 ዓመቱ ጀምሮ፤ ሴት ግን ከ30 ዓመቷ በላይ ሆና፣ እሷ ወይም ባሏ የቤት መስፈርት ሲያሟሉ። 8 ሚሊዮን የሚበልጡ ሴቶች አገኙ። የፋብሪካዎቹ ወጣት ሠራተኞች ግን ቀሩ። እኩል የሆኑት በ1928 ነው። እኛ ጋ በ1955 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች የመምረጥም የመመረጥም መብት አገኙ፤ በ1957ቱ ምርጫ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ። ሲልቪያ ያኔ አዲስ አበባ ነበረች። መብቱን ያመጣችው እሷ ናት የሚል ካጋጠመህ ግን አትመን፤ እንዲህ ያለ ታሪክ የለም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከእናቷ ጋር ተጣልታ ሳይታረቁ ሞቱ የሚባለው እውነት ነው? በአንድ ሐሳብ የቆሙ እናትና ልጅ እንዴት?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ያሳዝናልም።

አንደኛው ጠብ የድርጅት ነው። ኅዳር 1913 ሲልቪያ ለንደን አልበርት አዳራሽ ውስጥ ከሠራተኛ መሪዎች ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመች፤ ደብሊን ላይ አሠሪዎች በር ዘግተውባቸው ለተራቡት ሠራተኞች ድጋፍ። ታላቅ እህቷ ክሪስታቤል ያኔ ከፖሊስ ሸሽታ ፓሪስ ነበረች፤ ድርጅቱንም ከዚያው ነው የምትመራው። ጥር 1914 ሲልቪያን አስጠራቻት። ነገሩ ባጭሩ፦ የሠራተኛ ሴቶች ቡድንሽ ራሱን ይቻል፣ ከእኛ ጋር አትቀጥሉም። እናትየው ከክሪስታቤል ጎን ቆመች። በቃ፣ ተባረረች።

ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። እናትና ታላቅ እህት ለጦርነቱ ቅስቀሳ ወጡ፣ ወንዶችን ዝመቱ እያሉ። ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወመች። ሦስተኛው ደግሞ የቤት ነገር። በ1927፣ በ45 ዓመቷ፣ ሳታገባ ወንድ ልጅ ወለደች። አባትየው ሲልቪዮ ኮሪዮ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ ነው፤ አብረው ይኖሩ ነበር፣ ጋብቻ የሚባል ውል ግን አልፈልግም አለች። እናትየው በዚያን ጊዜ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ተዘጋጅታ ነበር፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አንገቷን አስደፋት። ሰኔ 1928 ሞተች፤ እኩል የመምረጥ ሕጉ ሊጸድቅ ሳምንታት ሲቀሩት። ልጇን ሲልቪያን አላገኘቻትም፣ የልጅ ልጇንም እንደዚሁ።

ያ የልጅ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ሊቁ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ሞስኮ ድረስ ሄዳ ከሌኒን ጋር የተቀመጠች ኮሚኒስት ነበረች ይባላል። እንዲህ ያለች ሰው ከንጉሠ ነገሥት ጋር ምን አገናኛት? ወይ መርሕ የላትም፣ ወይ ስታረጅ ተለወጠች። ሐቁን ንገሩን፣ አታሞግሱብን።

መልስ፦ እሺ፣ ሐቁን።

ሞስኮ ሄዳለች፣ በ1920፣ ተደብቃ። ሌኒን የእንግሊዝ ኮሚኒስቶች ፓርላማ ይግቡ፣ ከሌበር ፓርቲ ጋርም ይሥሩ ይላል። እሷ አይሆንም ትላለች፣ ፊት ለፊቱ። ስትመለስ የእንግሊዝ መንግሥት በጋዜጣዋ በወጡ ጽሑፎች ሕዝብና ወታደር አነሳስተሻል ብሎ ስድስት ወር ፈረደባት። ከእስር ስትወጣ ደግሞ የገዛ ፓርቲዋ ጋዜጣሽን አስረክቢ አላት። እምቢ። በ1921 አባረራት። ልብ በል፤ እናቷ አባራታለች፣ ፓርቲዋ አባሯታል፣ መንግሥት ደጋግሞ አስሯታል። ከማንም ጋር ተስማምታ መኖር የማትችል ሰው ነበረች ቢባል ሐሰት አይሆንም። አብሯት መሥራትም ሳይከብድ አይቀርም።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣት ግን ንጉሥ ሳይሆን ፋሺዝም ነው። ጣሊያን ውስጥ ገና ሲጀምር አይታዋለች፤ ኮሪዮም ያለ ማቋረጥ ይነግራታል። አብዛኛው የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ሙሶሊኒን በሚያደንቅበት ጊዜ እሷ ትቃወመው ነበር። በ1935 ወረራው ሲጀመር ደብዳቤ ጻፈች፣ ሰልፍ ጠራች፤ ግንቦት 1936 አዲስ አበባ በተያዘችበት ሰሞን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጣች። ሌላው ዓለም ጉዳዩ አልቋል ብሎ ፊቱን ሲያዞር ማለት ነው። የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ፣ የአርበኞቹን ውጊያ በየሳምንቱ ታትም ነበር። ሃያ ዓመት ቆየ ያ ጋዜጣ። ቀድሞ በቦው ሳለች ካወጣችው ጋዜጣ ጋር ብታስተያየው፣ አጻጻፉ ያው ነው፦ ስም፣ ቦታ፣ ቁጥር፣ የተጎዳው ሰው ቃል፣ ከዚያ የሚመለከተው ሚኒስትር ስም ተጠርቶ ጥያቄ።

ከጃንሆይ ጋር ስትገናኝ ምን እንዳለቻቸው ልጇ ሪቻርድ ይናገር ነበር። እኔ የሪፐብሊክ ሰው ነኝ፣ የምደግፍዎት ንጉሥ ስለሆኑ ሳይሆን ጉዳይዎ ትክክል ስለሆነ ነው አለቻቸው። እሳቸውም አውቃለሁ አሉ ይባላል።

በ1941 ጣሊያን ሲወጣም ዝም አላለችም፤ ዱላው ወደ ገዛ አገሯ ዞረ። እንግሊዝ ኦጋዴንን ይዛ ስትቆይ፣ ምጽዋ ወደብ ላይ ያሉ ተቋማትን ስታፈርስ ጻፈች፣ ምክር ቤት አባላትን አስጠየቀች። የእንግሊዝ የስለላ ሰዎች በ1948 ይህቺን አስቸጋሪ ሴትዮ እንዴት ዝም እናሰኛት ብለው የተጻጻፉት ወረቀት ዛሬ ክፍት ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ትዋሃድ ብላ መከራከሯን ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው፣ በተለይ ኤርትራዊ አንባቢ፣ በሌላ ዓይን እንደሚያየው እናውቃለን። መብቱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ጫፍ፦ ስታረጅ ተለወጠች ወይ? በ1956፣ በ74 ዓመቷ፣ ኮሪዮ ከሞተ በኋላ፣ ከልጇ ጋር አዲስ አበባ ገባች። እዚያም «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የሚል መጽሔት ጀመረች። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ቅርሱ፣ የሴቶች ሥራ በደንብ ተጽፎበታል። የቦዋ ሲልቪያ ግን የወሎን ወይም የሲዳሞን ጭሰኛ ቤት ገብታ ለባለ መሬቱ ስንት ትከፍላለህ ትለው ነበር፤ ያቺን ሲልቪያ እዚያ መጽሔት ውስጥ አላገኘኋትም። እንግድነት ይሆናል፣ ዕድሜ ይሆናል፣ ሃያ ዓመት የተከላከሉትን መንግሥት መውቀስ ከብዷት ይሆናል። እኔ ሰበብ አልሰጣትም። ደግሞም መስከረም 1960 ነው የሞተችው፤ የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከመድረሱ በፊት። ከዚያ በኋላ ምን ትጽፍ እንደነበር መገመት የአንተ ፋንታ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ጡረተኛ ነርስ)፦ ልጄ፣ እኔ ድሮ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ተምሬአለሁ። የሚስ ሲልቪያ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ነበር። ለወጣቶቹ ስለ ሆስፒታሉ አንድ ነገር ጻፍላቸው፣ ማንም አያነሳውም።

መልስ፦ እማማ፣ እሺ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ጊዜ ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ነበር። አገር ነፃ ወጥቶ ሲመለሱ ብዙም አልቆዩ፤ በ1942 ነቀምቴ ላይ አረፉ። በስማቸው ዘመናዊ የማስተማሪያ ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ማሰባሰቡን የመራችው ሲልቪያ ናት፤ ያው በለመደችው መንገድ፣ ደብዳቤ፣ ባዛር፣ ኮሚቴ፣ እንደገና ደብዳቤ። ለወጣቶቹ፦ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምትሉት ያው ነው። ነርሶችን ማሠልጠን ከመጀመሪያው የሆስፒታሉ ዓላማ አንዱ ነበር፤ እርስዎም የዚያ ፍሬ ነዎት።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ፣ ባጭሩ)፦ መቃብሯ የት ጋ ነው? ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ የአርበኞቹ መቃብር ያለበት ቦታ። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953 በእኛ አቆጣጠር፣ በመስቀል ዕለት ነው፤ ቀብሯም በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ። ልጇ ሪቻርድም በ2017 አርፎ እዚያው ግቢ ተቀብሯል። በር ላይ ያሉትን ጠባቂዎች «የፓንክረስት» ብለህ ጠይቃቸው፣ ያሳዩሃል።